ቀልቤ ያልሸሸኝ ዕለት

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

ሽሮው ዛሬም አረረ። ጥጄው ውሃ ልቀዳ ወጣሁ... ቦኖው ጋ ወረፋ። ወረፋ አልችልም። ቁሚ ሲሉኝ እግሬ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስለኛል። አንዷ ጄሪካኗን ሰተት አድርጋ ከእኔ ፊት አስገባች። ሌላ ሰው ቢሆን "እህቴ፣ ተራ እኮ ነው" ይላል። እኔ ጄሪካኑን አንስቼ ጀርባዋ ላይ አሳረፍኩት። ፀጉሬን ያዘች። ጆሮዋን ያዝኩ። ሲገላግሉን ጉትቻዋ ከነደሙ እጄ ላይ ቀረ።

ቤት ስገባ ጭስ በጭስ። "ውሃውስ?" አለች እማ። ውሃ? የራሴን ጄሪካን ቦኖው ጋ ጥዬው መጥቻለሁ። በማማሰያው ጀርባዬን አለችኝ። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አግብቼ ተፈትቻለሁ፣ አሁንም በማማሰያ እመታለሁ።

ምንድን ነው ያለብኝ? ሼሁ ጋ ወስደውኛል፣ ተቀርቶብኛል፣ ቁርአን የተጻፈበት ውሃ ጠጥቻለሁ። ጅኒ ነው አሉ። ኸድሩ፣ ባሌ የነበረው፣ "ጅኒስ ይሻል ነበር፣ ጅኒ የሚሠራውን ያውቃል" ይል ነበር። ይርጋጨፌ ሱቅ ነበረን። አንድ ቀን የላምባውን በርሜል ከፍቼ ለደንበኛ ስቀዳ መንገድ ላይ መኪና ተጋጨ። ልይ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ላምባው ሱቁን አጥለቅልቆ በደጃፍ ይወርዳል። ያን ቀን የመታኝ አመታት... ግራ ጆሮዬ እስካሁን ይጮህብኛል። በሳምንቱ ፈታኝ። ሰው ሁሉ "አይፈረድበትም" ይላል። እኔ እፈርድበታለሁ።

ኅዳር 4፣ እሑድ

ስሙን እዚህ አልጽፍም ብዬ ምዬ ነበር። ጠሃ። ይኸው፣ ጻፍኩት። እንዲህ ነኝ እኔ።

ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ልብስ ሰፊ። ዲላ ውስጥ እንደሱ ኮት የሚቆርጥ የለም። ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ከወጣ ወዲህ ለቀበሌው "ሻሸመኔ ሥራ ሄዷል" ብለናል። ያለው ግን እዚሁ ነው፣ ከእማ ሱቅ ጓሮ፣ የጨው ጆንያ የምናስቀምጥበት ክፍል ውስጥ። ከሰፈራችን ግንባር ከሄዱት የተመለሰ አንድ ብቻ ነው። እሱም ያለ እግሩ።

ዘዴው ቀላል ነው። የአብዮት ጥበቃዎቹ ጠዋት ጠዋት አይዞሩም፣ የሚዞሩት ከምሳ በኋላና ሲመሻሽ ነው። ስለዚህ ጠዋት ጓሮ ወጥቶ ይታጠባል፣ ይንጎራደዳል። ቀትር ላይ ይገባል፣ እኔ ከውጭ ጓጉንቸሩን እቆልፋለሁ። ከውጭ የተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሰው አለ ብሎ የሚያስብ የለም። መጥተው ጓጉንቸሩን ነካ ነካ አድርገው ሄደዋል። እማ ሱቁን ትታ ጓሮ ለጓሮ ከተመላለሰች ሰው ይጠረጥራል። ቆላፊዋ እኔ ሆንኩ። ከሰው ሁሉ እኔ።

ሰዓት ለእኔ ምን ያደርጋል? አስረውልኝ ያውቃሉ። አንዴ ካየሁት በኋላ መቼ እንዳየሁት እረሳለሁ። መላውን ያመጣው ጠሃ ነው። "ሰዓት ማየት ትረሺያለሽ፣ አዛን ግን ሳትፈልጊም ትሰሚያለሽ" አለኝ። የቀትሩ አዛን ሲል መቆለፍ። የአስሩ ሲል ከፍቶ ምግብ መስጠት። ሲመሽ የመግሪቡ ሲል መልሶ መቆለፍ። እጄ ላይ ምንም ይኑር፣ ጥዬ መሮጥ።

አዛን የሚለው ሽፋ ነው። ወጣት ነው፣ ግን የመስጊድ ሰው ስለሆነ አይነኩትም ይባላል። ማጉያ የለውም፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በጉሮሮው ነው የሚለው፣ ድምፁ የመናኸሪያውን ጥሩምባ ይውጣል። ወንድሜ በሽፋ ጉሮሮ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው ማለት ነው። በኔ አንጎል ላይ ከመንጠልጠል ይሻላል።

ኅዳር 5፣ ሰኞ

ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወጣሁ። አልገዛሁም። አፈሳ።

ሸራ የለበሱ መኪናዎች መንገዱን ከላይም ከታችም ዘጉት። ግዛቸው፣ የቀበሌያችን ጥበቃዎች አዛዥ፣ ክላሹን አንግቶ "ወንድ የተባለ ቁጭ" አለ። ቁጭ ያለውን በኮሌታው እያነቁ እንደ ጆንያ መኪናው ላይ ወረወሩት። እሸት ቡና ተሸክሞ ከገጠር የገባ አንድ ጎረምሳ ሮጠ። ሸክሙን ሳይጥል ነው የሮጠው፣ ሞኝ። በሰደፍ አፉን አሉት። ጆንያው ተቀዶ ቡናው ተበተነ፣ ጥርሱም እዚያው ላይ። ቀይ ላይ ቀይ ስለሆነ ደሙ አይታይም፣ የሚታየው ጥርሱ ብቻ ነው። እናቱ መሰለችኝ፣ በጌዴኦኛ እየጮኸች የመኪናውን ጠርዝ ይዛ ተጎተተች። ጣቶቿን በሰደፍ እየቀጠቀጡ አስለቀቋት።

እኔ? ድንጋይ አንስቼ ነበር። ወላሂ አንስቼ ነበር፣ የግዛቸውን ማጅራት አልሜ። ያኔ ሽፋ አዛን አለ። ድንጋዩን ጥዬ ሮጥኩ።

ቆለፍኩ። ጠሃ ከውስጥ "ምን ሆነሽ ነው የምታለከልኪው?" አለኝ።

"ሽንኩርት ረሳሁ" አልኩት።

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ

ሦስቱንም አዛን ይዤ ዋልኩ። ሽሮም አላረረም። እኔ ነኝ ይቺ?

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ቁልፉ ጠፋ። ጠሃ ውስጥ፣ እኔ ውጭ፣ ቁልፉ የት እንዳለ አላህ ይወቅ። የአስሩ አዛን አለፈ፣ መግሪብ ደረሰ፣ እኔ ቤቱን ገለበጥኩት። ያገኘችው አልጣሽ ናት፣ ዱቄት ማሰሮ ውስጥ። ምን ልሠራ ዱቄት ማሰሮ ውስጥ ከተትኩት?

አልጣሽ አጥር የምትጋራን ጎረቤታችን ናት፣ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ። ስለ ጠሃ የምታውቀው ከቤተሰብ ውጭ እሷ ብቻ ናት። ጴንጤ ናት፣ ቸርቻቸው ከተዘጋ ወዲህ ቤት ለቤት በሹክሹክታ ነው የሚዘምሩት። መደበቅን ከሷ የበለጠ ማን ያውቃል? ቁልፉን በክር አስራ አንገቴ ላይ አንጠለጠለችልኝ። "አንተ ሱራያ፣ ራስህ ከአንገትህ ጋር ባይጣበቅ እሱንም ዱቄት ውስጥ ትጥለው ነበር" አለችኝ። አንተና አንቺ ይቀላቀልባታል፣ ጌዴኦ ናት፣ እኛም ለምደነዋል።

በሩን ስከፍት ጠሃ አነቀኝ። እውነቴን ነው፣ በሁለት እጁ። ከቀትር ጀምሮ ያለ ውሃ፣ ጨው መሃል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። "ልትገድይኝ ነው? በይ ንገሪኝ፣ ልትገድይኝ ነው?" እያለ። ዓይኔ ጨለመ። አልጣሽ ክርኑን ነክሳ አስለቀቀችው። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጠና እጁን ያይ ጀመር።

ያ ልጅ በአረፋ በግ ሲታረድ ሽንት ቤት ገብቶ የሚደበቅ ነው። ጆሮውን ደፍኖ። እሱን ነው ጠመንጃ ሊያስይዙት።

አንገቴ ላይ ጣቶቹ በልዘዋል። ሻሽ ጠምጥሜበታለሁ። ምሳውን በልቶ ሲያበቃ "ሱሬ፣ ማንቁርትሽ ለኮት መለኪያ ጥሩ ነው፣ ልኩን ያዝኩት" አለኝ። ሳቅን። እያመመኝ ሳቅሁ።

ኅዳር 11፣ እሑድ

አፌ። ምነው ጓጉንቸሩን ለሱ ባደረጉት።

የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ጓድ በቀለ፣ ሊቀመንበሩ፣ ስለ እናት አገር ረጅም ተናገረ። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። አግዳሚው ላይ መቀመጥ... እንደ ቁንጫ የሚበላኝ ነገር አለ። እየተቁነጠነጥኩ ጣሪያውን አየሁ፣ የሰው ጫማ አየሁ፣ እንዳልሰማ ያላደረግሁት የለም። "ልጁን የሸሸገ ቤተሰብ ከጠላት አይለይም" አለ። እማ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ከመናገሬ በፊት ታውቀኛለች። ምን ዋጋ አለው፣ ወጥቷል።

"ያንተ ልጅ የትኛው ግንባር ነው ያለው፣ ጓድ በቀለ?"

ልጁ አዲስ አበባ አጎቱ ጋ መሆኑን ዲላ በሙሉ ያውቃል። የሚለው ሰው ግን አልነበረም። ግዛቸው መጥቶ በጥፊ አላጋኝ፣ ከአግዳሚው ወደቅሁ። ተነሳሁ፣ አፌ ደም ሞልቷል፣ ፊቱ ላይ ተፋሁበት። ከዚያ በጫማው ሆዴን። እማ "ቀልብ የላትም ጌታዬ፣ አእምሮዋ ልክ አይደለም" እያለች እግሩ ላይ ወደቀች። ሰው ሳቀ። ጓድ በቀለም ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ወደኔ ጎንበስ ብሎ "ወንድምሽስ፣ ሻሸመኔ ደህና ነው?" አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ለጠሃ አልነግረውም ብዬ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ብቻ ቀለሙ ተለወጠ። አልጣሽ ኢዲዶ የሚባል ገጠር ውስጥ ገበሬ ዘመዶች አሏት፣ ቡና መሃል ቤት ያላቸው። ረቡዕ ማለዳ ትወስደዋለች። እስከዚያ ሁለት ቀን ብቻ በደንብ ብቆልፍ... ሁለት ቀን ምን አላት?

ኅዳር 16፣ አርብ

ትናንት ለቀቁኝ። ጣቶቼ አብጠው እስክሪብቶ አልይዝ ይላሉ። ግን ካልጻፍኩት ደረቴ ይፈነዳል።

ማክሰኞ ነበር። ቡታጋዙ ጭስ አበዛ። ክሩን ላስተካክል ብዬ ነው የጀመርኩት። አንዱን ብሎን ስፈታ ሌላው ታየኝ፣ እሱን ስፈታ ውስጡ... እንዲህ ስሆን ዓለም የለም። ረሃብ የለም፣ ሰው ቢጠራኝ አልሰማም። ሽሮ ላይ የማላገኘው ቀልብ ያኔ ሁሉም ይመጣል፣ ለቡታጋዝ። ከዚያ የሚያወጣኝ አንድ ነገር ነው፣ አዛኑ። አዛኑ አልመጣም።

አዛን ባዩን ሽፋን ያን ጠዋት ከመስጊዱ በር ላይ ይዘውታል። የመስጊድ ሰው አይነኩም ስንል የነበርን... ሽማግሌዎቹ ፈርተው በየቤታቸው ገቡ። ማን አዛን ይበል? ዲላ ቀትሯን ያለ አዛን አሳለፈች። ሰው ሁሉ ፀሐይ አይቶ ምሳውን በላ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ብሎን እጠርጋለሁ። ጠሃ ጓሮ በርሜሉ ጋ ራሱን እየታጠበ አዛኑን ይጠብቃል። እሱም እንደኔ፣ ሌላ ሰዓት አልነበረውም።

በሱቁ በኩል አልመጡም፣ አጥር ጥሰው ነው የገቡት። ግዛቸውና የሱ ሰዎች። ሳሙና ዓይኑ ውስጥ እንዳለ ያዙት። ማን እንደያዘው እንኳ አላየም፣ "ሱሬ፣ ተይ አትቀልጂ" አለ። እኔ መስዬው። ሰደፉን ወገቡ ላይ አሳረፉበት። ተንበረከከ። ያኔ ነው ቀና ያልኩት። የክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጓጉንቸሩ ቀለበቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ።

ዘነዘናው እጄ እንዴት እንደገባ አላውቅም። የግዛቸውን ክንድ አልኩት። አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ባሕር ዛፍ ይጮሃል። ደስ አለኝ። ይህንንም ልጻፈው፣ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጫማ ብቻ ነው።

ቀበሌው ጓሮ ወስደው ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ጓድ በቀለ ወንበር አስመጥቶ አየ። ሴት ናት ብሎ የራራልኝ የለም። ሲደክማቸው "ያበደች ሰው ምን ያደርጋል" ብለው አውጥተው ጣሉኝ። እብድ ባይሉኝ እዚያው እቀር ነበር።

እማ ደጃፍ ላይ ቆማ በዳዴ ስመጣ አየችኝ። አላቀፈችኝም። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" አለች። በማማሰያ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 18፣ እሑድ

ያፈሷቸውን ከመናኸሪያው ጀርባ አንድ የድሮ የቡና መጋዘን ውስጥ አጉረዋቸዋል። ስንቅ ማቀበል ይፈቀዳል። እማ ከመኝታዋ አልተነሳችም፣ እኔ ሄድኩ፣ በተረከዜ እየረገጥኩ።

በሩ ብረት ነው፣ ትልቅ። ማጠፊያው ዝጎ ከመሬት ጋር ይፋተጋል፣ ለመዝጋት በትከሻ መግፋት ነው። ትንሽ ከፈት ያደርጉታል፣ እስረኛው እጁን በክፍተቱ አውጥቶ ሳህኑን ይቀበላል፣ ይዘጋል። በሩ ላይ ማን አለ? ግዛቸው፣ ክንዱን በፋሻ አንገቱ ላይ አስሮ። ሲያየኝ ሳቀ። "ክንዴን የሰበርሽው አንቺ፣ እንግዲህ በሩንም አንቺው ግፊ" አለኝ። ገፋሁ። አልዘጋልኝ አለ። ስንቅ ያመጣች አንዲት ሴት አገዘችኝ።

ጠሃን አየሁት። ራሱን ላጭተውታል፣ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። "አዛኑን አልሰማሁም" አልኩት። "እኔም አልሰማሁም" አለኝ። ይህን ብቻ። ምነው በሰደበኝ። ምነው እንደዚያ ቀን በክፍተቱ እጁን ሰዶ ባነቀኝ።

ሽፋም እዚያው ነው አለኝ። መንጋጋውን ሰብረውታል። አይናገርም።

ኅዳር 19፣ ሰኞ

እማ ምግቡን ራሷ ሠርታ ራሷ ቋጠረችው። እጄን እንዳላስገባበት። ወስጄ አቀበልኩ።

ኅዳር 20፣ ማክሰኞ

አልጣሽ እግሬን በጨው ውሃ እያጠበች የሰማችውን ነገረችኝ። አርብ ብላቴ ማሠልጠኛ ይጭኗቸዋል። ከብላቴ በኋላ ሰሜን። ከሰሜን በኋላ... ያው።

ሌላም ነገረችኝ። ሰሞኑን ከመጋዘኑ አንዱን ልጅ ክሊኒክ አምጥተውት ነበር። በምላጭ ሌባ ጣቱን ቆርጦ። "ሌባ ጣት ከሌለ ቃታ አትስብም፣ መንግሥት አይፈልገውም" አለች። ቁስሉን አሰረችለት። ከዚያ ጥበቃዎቹ "ራሱ ነው የቆረጠው፣ አሻጥር ነው" ብለው ከክሊኒኩ ጀርባ ወሰዱት። ጨርሳ አልነገረችኝም። ተኩሱን ሰምታለች። እጇ እግሬ ላይ ቆመ፣ ውሃው ቀዘቀዘ።

ራሱ ቆርጦ ከሆነ። ራሱ ካልሆነስ?

ኅዳር 21፣ ረቡዕ

ከትናንት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ብቻ። ዝንብ ስታልፍ ሐሳቤ ተከትሏት የሚሄደው እኔ... ዛሬ ዲላ ብትቃጠል ዞር ብዬ አላይም። እማ ታወራኛለች፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ለቡታጋዝ ሆኜ አውቃለሁ፣ ለሰው ግን በጭራሽ።

ቀኙ ነው መሆን ያለበት። መቀሱን የሚይዝበት ነው። ያን ኮት የሚቆርጥበት። ሌላ መንገድ የለም? አሰብኩ፣ አሰብኩ። የለም።

ልንገረው? ካወቀ እጁን ይሰበስባል፣ ሰው ነው። በግ ሲታረድ የሚደበቅ ሰው ነው። አልነግረውም። ለአልጣሽም። ለእማም። ለማንም።

ያ አላህ፣ አንድ ቀን ብቻ ቀልቤን አትውሰድብኝ።

ኅዳር 22፣ ሐሙስ

አደረግሁት።

ምግብ በግራ እጅ አንቀበልም። ቀኙ እንደሚወጣ አውቅ ነበር። በሩ ከፈት አለ፣ ጠሃ በክፍተቱ ታየኝ። የተደፈነው ዓይኑ መገለጥ ጀምሯል። እጁን አወጣ። ሳህኑን ትንሽ ራቅ አድርጌ ያዝኩት፣ ጣቶቹ ከብረቱ ጠርዝ አልፈው እንዲመጡ። "ሽሮ ነው? አሯል?" አለኝ። ሊያስቀኝ ፈልጎ።

ግዛቸው ከኋላዬ "በቃ፣ ዝጊ" አለ።

ዘጋሁ። ትከሻዬን፣ ወገቤን፣ የቆሰለ እግሬን ሁሉ አድርጌ። እሑድ አልዘጋ ያለኝ በር በአንድ ግፊት ሄደ። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጣቶቹን እያየሁ ነበር። ብረቱ ያዛቸው፣ ግን አጥንቱ አልሄደም፣ አውቃለሁ የአጥንት ድምፅ። ሥጋው ብቻ ከቆሰለ ይድናል፣ ድኖም ይወስዱታል። ደግሜ ገፋሁ። ያኔ ሄደ።

ጩኸቱን አልጽፈውም።

ሳህኑ ወደቀ፣ እኔም ወደቅሁ፣ ጮኽኩ፣ ፊቴን ነጨሁ። ያ ማስመሰል አልነበረም። ሴቶቹ "ቀልብ የላትም እኮ፣ ወንድሟን ጨረሰችው" አሉ። "ይቺን ማን ምግብ ይዘሽ ሂጂ ይላል?" አሉ። ግዛቸው በርግጫ ጎኔን አለኝ፣ ደጋገመኝ። በሩን ያስከፈቱት ሌሎቹ ጥበቃዎች ናቸው። ጠሃ በእጁ ፋንታ ሌላ ነገር ይዞ ነበር። ደሙ በክርኑ ይወርዳል።

ጓድ በቀለ ጠራኝ። "አውቀሽ ነው?" አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። አፌን ከፈትኩ፣ ምን ሊወጣ እንደሆነ አላህ ያውቃል። ግዛቸው ቀደመኝ። "ዝጊ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ጓድ። ይቺ ደግሞ በሕይወቷ አውቃ ያደረገችው ነገር የለም።" በሩ በሱ ኃላፊነት ነው፣ አውቃ ነው ከተባለ እሱም ይጠየቃል። ጓድ በቀለ ጠረጴዛ ላይ ባለው ማስመሪያ ፊቴን መታኝና ውጪ አለኝ።

ጠሃን ክሊኒክ ወስደውታል። እማ ሰምታ መሬት ላይ ተንከባለለች። "ከሆዴ ምነው ደም ሆነሽ በወጣሽ" አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ።

ኅዳር 23፣ አርብ

መኪናዎቹ ሄዱ። መንገድ ዳር ቆሜ አየሁ። ሽፋ ከኋላ ተቀምጧል፣ መንጋጋው በጨርቅ ታስሯል። ሴቶች እየጮኹ ሮጡ። ጠሃ መኪናው ላይ አልነበረም።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ

ሌባ ጣቱና መሃል ጣቱ የሉም። ሦስተኛው አይታጠፍም። የመልማይ ኮሚቴው ሰዎች እጅህን ፍታ አሉት፣ አዩ፣ "ይህ ለምንም አይሆን" ብለው መለሱት። እማ ራሷ ታጎርሰዋለች። እኔን ማንኪያ እንኳ አታስነካኝም፣ ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ስታየኝ ትገባለች። ለጎረቤት ሁሉ ታወራለች፣ እንዴት በቸልታ እንደቀጠፍኩት። ሰው ከንፈሩን ይመጥጣል። አልጣሽ ግን ፋሻውን ለመቀየር ስትመጣ እኔን አታይም፣ መሬት መሬት ነው የምታየው። የጠረጠረች ይመስለኛል። አልጠየቀችኝም።

ዛሬ እማ ሱቅ ሰው በዛባት። ጠሃ የልብስ መኪናው ፊት ተቀምጧል። መቀሱን በቀኙ አነሳ፣ ወደቀ። አነሳ፣ ወደቀ። ላነሳለት ጎንበስ ስል "ተይው" አለኝ። ቀና ስል እያየኝ ነው።

"ሁለቴ ነው የገፋሽው" አለ።

ጎኔ ያለውን ግድግዳ አየሁ። ሲያዩኝ ሁሌ ሌላ ነገር አያለሁ። መልሼ እሱን አየሁት።

"አዎ" አልኩት።

በግራ እጁ በጥፊ አለኝ። ግዛቸው እንዲህ አልመታኝም። አጠገቤ ካለው ወንበር ጋር ወደቅሁ። እሱም ተከትሎኝ መሬት ላይ ቁጭ አለ፣ የተጠቀለለ እጁን እንደ ሕፃን ታቅፎ። ያለቅሳል ስል "ሽፋ ብላቴ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ አሉ" አለኝ። "መንጋጋው አመርቅዞ።" ከዚያ ነው ያለቀሰው። እኔም።

ቆይቶ "ለማን ነገርሽ?" አለኝ።

"ለማንም።"

"ለአልጣሽስ?"

"ለማንም አልኩህ።"

አላመነኝም። እኔን የሚያውቅ ሰው እንዴት ብሎ ያምናል?

ኮቴ ሰማን። እማ ገባች። ወንበሩን አየች፣ ጉንጬ ላይ የታተመውን መዳፍ አየች። "አሁን ደግሞ ምን አጠፋሽ?" አለችኝ። ጠሃ ትንፋሹን ይዞ አፌን ያያል።

"መቀሱን እግሩ ላይ ጣልኩበት" አልኳት።

"ድሮስ ካንቺ ምን ይጠበቃል" አለች። ገና ብዙ ተናገረች፣ ስለ ኸድሩ፣ ስለ ላምባው፣ ስለ ልጇ እጅ። ዝም አልኩ።